ለቆላ የደጋ ካርድ አትግዙ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ለአንድ ዘገባ ወደ አንዲት የቆላ ከተማ ወርጄ ነበር። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ሲል አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከፊቴ አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ የሐኪም ማዘዣ ይዛ ቆማለች። መድኃኒቱ አለ። ብሩም አለ፤ ግን ስልኳ ውስጥ ነው። ባሏ ጠዋት ከአዲስ አበባ ልኮላታል። ኔትወርክ ደግሞ የለም።

ባለመድኃኒት ቤቱ ሳይቆጣም ሳያዝንም፣ «11 ሰዓት ገደማ ሲበርድ ይመጣል፤ ያኔ ተመለሺ» አላት። እሷም እንደ ተራ ነገር ሰምታው፣ ደጅ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ልጁ ያለቅሳል።

«ሲበርድ ይመጣል»። ዝናብ ነው የሚመስለው። የከተማው ሰው ኔትወርክን ከፀሐይ ጋር አያይዞ መናገር ለምዷል፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አላገኘሁም። ጋዜጠኛ ነገረኛ ነውና እኔ ጠየቅሁ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ አንድ ቴክኒሺያን አገኘሁ። ዕቃው ያለበትን ክፍል ከበሩ ላይ ሆኜ እንዳይ ፈቀደልኝ። ስሙን፣ ድርጅቱንና ከተማውን የማልጽፈው ለዚህ ነው፤ እንጀራውን እንዳላሳጣው።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ኤሲ ተሰቅሏል። አንዱ ይሠራል። ሌላው ከቆመ ቆይቷል፤ ላዩ ላይ አቧራ ተጋግሯል። በሩ በድንጋይ ተይዞ ተከፍቷል። በሩ መሃል ላይ ደግሞ የቤት ማራገቢያ፣ ያ ሳሎን ውስጥ የምናቆመው ዓይነት፣ ፊቱን ወደ ራኩ አዙሮ ይሽከረከራል። ዋጋው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ስዊች ከገበያ በተገዛ ማራገቢያ እየተራገበ ነው። ቴክኒሺያኑ እንደነገረኝ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ የፕሮሰሰር ካርዱ የማስጠንቀቂያ መልእክት መላክ ይጀምራል፤ 8 ሰዓት ሲሆን ራሱን ያዘገያል፤ አንዳንድ ቀን ራሱን ያጠፋል። ማራገቢያውን የገዛው በራሱ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ የእኔ ክርክር ከዚህ ይጀምራል። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ስለ ማማ (ታወር)፣ ስለ ፋይበር፣ ስለ ቻይና ዕቃ ጥራት፣ አለፍ ሲልም ስለ ሤራ እናወራለን። ዕቃው ስለሚተነፍሰው አየር የሚያወራ የለም። ለሰመራም፣ ለጎዴም፣ ለጋምቤላም፣ ለደብረ ብርሃንም አንድ ዓይነት ካርድ በአንድ ጨረታ መግዛት ስሕተት ነው እላለሁ። ይህን ስሕተት ደግሞ የሚከፍለው ፈራሚው አይደለም፤ ዛፍ ሥር የተቀመጠችው እናት ናት።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ከፊዚክስ ጋር የተለያየነው 10ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ያውም ባልተስማማ ፍቺ። ነገር ግን ይህን ለመረዳት ምጣድ ያየ ሰው ይበቃል።

ጥሪያችሁና ዳታችሁ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚወስነው ስዊች ውስጥ የሚሰኩ ትንንሽ የኮምፒዩተር ካርዶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት ኤኤምሲ የሚባለው ሞጁል ነው። ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ከምታነቡበት ስልክ ትንሽ ቢረዝም ነው። መስፈርቱ ለዚህች ካርድ እስከ 80 ዋት ይፈቅዳል። የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል የምታስታውሱ ሰዎች፣ በርቶ በባዶ እጅ ትነኩት ነበር? አሁን ከዚያ የሚበልጠውን ሙቀት ስልክ በሚያህል ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጉት፤ ግራና ቀኙን በመሰሎቹ አጣብቁት፤ ከዚያ በሩን ዝጉ።

ታላቅ ወንድሙ ኤቲሲኤ ይባላል። ከ20 ዓመት በፊት የወጣው የዚህ መስፈርት የመጀመሪያው እትም ለአንድ ቦርድ 200 ዋት መድቧል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ከዚህም በላይ ይወስዳሉ። በተለመደው ባለ 19 ኢንች ራክ ውስጥ በአንድ ሳጥን 14 ቦርድ ይሰካል። አባዙት፤ 2,800 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሳጥን ማለት ሌት ተቀን፣ ፋሲካም ገናም የማይጠፋ ምጣድ ነው። ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራ ሲያወጣ ሳጥኑ የሚያወጣው ሙቀት ብቻ መሆኑ ነው፤ የገባው መብራት በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ማዕድ ቤቱን በር ዘግቶ፣ ጭስ መውጫውን ደፍኖ ምጣድ የሚጥድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሻጮች ብሮሹራቸው ላይ የሚኩራሩበት ቃል «ኮምፓክት» የሚል ነው። ትንሽ ቦታ፣ ብዙ አቅም። ውሸት አይደለም፤ አዲሱ ካርድ ለአንድ ጊጋቢት የሚበላው መብራት ከአሮጌው ያነሰ ነው፣ ይህን ልካድ አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ማነው ቦታ የጠበበው? ለንደንና ቶኪዮ ውስጥ የራክ ቦታ በስንዝር ይከራያል፤ እዚያ አንድ ሳጥን በግማሽ ቢያንስ ኪራዩ ይቀንሳል። ቆላ ከተማ ውስጥ ግን ቦታ ሞልቷል። እኛ ዘንድ የሚጎድለው ቀዝቃዛ አየርና የማይቆራረጥ መብራት ነው። ኮምፓክቱ ካርድ የሌለብንን ችግር ፈትቶ፣ ያለብንን ያብሳል። ሰፋ ብሎ የተዘረጋ፣ ፍጥነቱ መጠነኛ የሆነ፣ ዋቱ ያነሰ ካርድ ለዚያ ክፍል ይሻለዋል። ካታሎጉ ላይ ግን አያምርም። ገምጋሚ ኮሚቴ ደግሞ ነጥብ የሚሰጠው ለፍጥነት ነው።

ገበሬው ይህን ከጥንት ያውቃል። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ አገሩን የከፈለው ለጂኦግራፊ ፈተና አይደለም። ገብስ ቆላ ወርዶ አይዘራም፤ ለቆላ ማሽላ አለ። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጀው ባለዲግሪ ግን የዘሩን ዓይነት ሳይጠይቅ ለመላው አገር አንድ ማዳበሪያና አንድ ዘር ያዛል።

ዘር የመምረጫው መመዘኛ ደግሞ ተጽፎ አለ። አውሮፓውያን የቴሌኮም ዕቃ ለምን ዓይነት አየር እንደተሠራ የሚለዩበት ኢኤን 300 019 የሚባል መስፈርት አላቸው። ክፍል 3.1 የሚባለው ሙቀቱ ቁጥጥር ለሚደረግበት ክፍል ነው፤ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ። ክፍል 3.3 ቁጥጥር ለሌለው ቦታ ነው፤ እስከ 55 ዲግሪ ይዘልቃል። አሜሪካኖችም ኔብስ በሚሉት መስፈርታቸው መደበኛውን ከ5 እስከ 40 አድርገው፣ ከዚያ በላይ የሚፈቅዱት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ96 ሰዓት፣ በዓመት በድምሩ ከ15 ቀን ያልበለጠ። አስራ አምስት ቀን! የአፋር ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። ሰመራ ላይ በበጋው ወራት 40 ዲግሪ ማለፍ ዜና አይደለም። በዚያው ክልል ያለው ዳሎል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት በዓለም ስሙ የተመዘገበ ቦታ ነው። አማካዩ፣ ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ፣ ከ34 ዲግሪ በላይ።

እንግዲህ የጨረታ ሰነድ ላይ «3.1» የሚለውን «3.3» ማድረግ የአንድ አሃዝ ሥራ ነው። ዋጋ ይጨምራል? አዎ፣ ይጨምራል። ለሙቀት የተሠራ ካርድ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከኮምፓክቱ ይዘገያል። ግን የሚነጻጸረው ከምን ጋር ነው? ሁለት ኤሲ፣ የኤሲ መለዋወጫ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ በየዓመቱ የሚቃጠል ካርድና የአየር ቲኬቱ አይቆጠሩም? እነዚህ ሁሉ ከሌላ በጀት ስለሚወጡ ካርዱን የገዛው ክፍል «ቆጠብኩ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል።

አሁን ወደ ባትሪው ልምጣ፤ ከሁሉም የገረመኝ እሱ ነው። የቴሌኮም ዕቃ የሚሠራው በ48 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪ ከጎኑ አለ። መብራት ሲሄድ ስዊቹ አይጠፋም፣ ባትሪው ይይዘዋል። እሰየው ብለን ነበር። ኤሲው ግን ባትሪ ላይ የለም፤ ብዙ ስለሚበላ። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ማቀዝቀዣው ይቆምና ምጣዱ ይቀጥላል። 3 በ4 ሜትር የሆነች ክፍል ውስጥ ያለውን አየር ብቻ ብናስብ 2,800 ዋት ሙቀቱን በደቂቃ ከ4 ዲግሪ በላይ ሊያሳድገው ይችላል። ግድግዳውና ብረቱ ስለሚጋሩት ከዚህ ይዘገያል፤ ግን አይቀርም።

በዚያ ላይ ክፍሉ ሲሞቅ በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ማራገቢያዎች ይፈጥናሉ። የማራገቢያ ሕግ ደግሞ ጨካኝ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚበላው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ባትሪውም ራሱ ሙቀት አይወድም። ጄኔሬተሩ ቶሎ ካልተነሣ ዕቃውን ለማትረፍ የተቀመጠው ባትሪ ዕቃውን ያበስለዋል። ቴክኒሺያኑ ጄኔሬተሩ ለምን እንደሚዘገይ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ክፍያ የለም፣ ክፍያ ከሌለ ናፍጣ የለም፣ ናፍጣ ከሌለ ኔትወርክ የለም። አንድ ቀን ማደያው ውስጥ በርሜሉን ይዞ የራሱን ኔትወርክ እስኪመጣ ጠብቋል።

«ይህ የቆላ ጉዳይ ነው፤ አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት» የሚሉኝ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ አየሯ ግን ቀጭን ነው። ማራገቢያ አየር የሚገፋው በሊትር ነው፤ አየር ሙቀት የሚሸከመው ግን በክብደቱ ልክ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር ባሕር ጠለል ላይ 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 2,300 ሜትር ላይ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። አንድ አምስተኛው ጠፍቷል ማለት ነው። ሼንዘን ላይ ተፈትኖ ያለፈ ማራገቢያ እዚህ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ የስዊች መመሪያዎች ከ1,800 ሜትር በላይ በየ220 ሜትሩ የሚፈቀደውን ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ ቀንሱ የሚሉት። ለአዲስ አበባ ቅናሹ ሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ትንሽ ነው፣ አላጋንንም። ግን ያቺን የግርጌ ማስታወሻ ያነበበ ገዢ ስንት ነው?

በሌላ በኩል አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ የመሰሉ ከተሞች ነፃ ሀብት አላቸው። የሌሊቱ አየር። ማጣሪያ ባለው መስኮት የውጭ አየር ስቦ ማስገባት ዓመቱን አብዛኛውን ኤሲን ያሳርፋል፤ ያቺን የምታስገባ ማራገቢያ ደግሞ በ48 ቮልት ባትሪ ላይ መሥራት ትችላለች። መብራት ሲሄድ አብራ አትሄድም። ይህ የሮኬት ሳይንስ ሳይሆን መስኮት ነው። እኛ ግን ደጅ 12 ዲግሪ ሆኖ መስኮቱን በብሎኬት ደፍነን፣ ውስጥ በኤሲ እናቀዘቅዛለን።

ስለ ማጣሪያ ካነሣሁ አይቀር፣ ያች የቆላ ክፍል ውስጥ ከሳጥኑ ሥር ያለውን የአየር ማጣሪያ ቴክኒሺያኑ ስቦ አሳየኝ። ስፖንጅ የመሰለ ጨርቅ ነው። ጥቁር ነበር የተባለው የአፈር ቀለም ይዟል፤ በመዳፌ መታ ሳደርገው አቧራው ተነሣ። በዚያ ጨርቅ በኩል ነው ያ ሁሉ ምጣድ የሚተነፍሰው። በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ጠየቅሁት። መለዋወጫ ዝርዝሩ ውስጥ የለም አለኝ። ካርዱ አለ፣ ፓወር ሰፕላዩ አለ፣ ኬብሉ አለ፤ ጨርቁ የለም። ስለዚህ እያጠበ ይመልሰዋል።

ሙቀት ስዊች የሚጥለው በድሃ አገር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ሐምሌ 19 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ዲግሪ ያለፈች ዕለት የጉግልና የኦራክል የለንደን ዳታ ማዕከላት ማቀዝቀዣቸው ከድቷቸው አገልግሎት ተቋረጠ። በዚያው ዕለት በከተማዋ ካሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች አንዱ፣ ጋይስ ኤንድ ሴንት ቶማስ፣ ሁለቱም የመረጃ ማዕከሎቹ ወደቁበት። ሐኪሞቹ ወደ ወረቀት ተመለሱ። ለንደን ያልተዘጋጀችው 40 ዲግሪ ለማታውቀው ሙቀት ስለሆነ ነው። እኛ ግን 40 ዲግሪን የምናውቀው ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ነው፤ ሰበብ የለንም።

ሲንጋፖር የሆነውን ደግሞ በደንብ ስሙልኝ። ጥቅምት 14 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ኢኩዊኒክስ በሚባል ዳታ ማዕከል ውስጥ የቀዝቃዛ ውኃ ሥርዓቱ ተዛባ። ሙቀቱ ወጣ፣ ዲቢኤስና ሲቲ የተባሉት ባንኮች ወደቁ። 2.5 ሚሊዮን ያህል የክፍያና የኤቲኤም ግብይት ሳይፈጸም ቀረ። ነጥቡ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንድ ወር ሳይሞላ መንግሥት ፓርላማ ቀርቦ ምክንያቱን ተናገረ። ማሻሻያ ሲሠራ የነበረ የኮንትራት ሠራተኛ የውኃ ማጠራቀሚያውን ቫልቭ የሚዘጋ የተሳሳተ ትእዛዝ ልኳል። ቫልቭ! በስሙ ጠሩት። ተቆጣጣሪው ደግሞ ዲቢኤስን ለስድስት ወር አዲስ ንግድ እንዳይገዛና አንገብጋቢ ያልሆነ የሲስተም ለውጥ እንዳያደርግ ከለከለው፤ መጀመሪያ ያለህን አስተካክል ብሎ።

እኛ ዘንድስ? «ባጋጠመ የቴክኒክ ችግር አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል፤ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን»። ባንክ ሄዳችሁ ደግሞ «ሲስተም የለም»። ሲስተም የለም ማለት ምን ማለት ነው? ፋይበር ተቆረጠ? መብራት ሄደ? ካርድ ተቃጠለ? ወይስ 200 ብር የማያወጣ ጨርቅ በአቧራ ተደፈነ? እነዚህ አራቱ አራት የተለያዩ ጥፋተኞች አሏቸው። «የቴክኒክ ችግር» የሚለው ቃል አራቱንም በአንድ ነጠላ ይሸፍናቸዋል።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም የአገልግሎት ጥራትን መከታተል ሥራው ሆኗል። እንግዲያው የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ኔትወርክ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲጠፋ፣ ኦፕሬተሩ ከምክንያቱ ጋር የክፍሉን ሙቀትም ያስመዝግብ፤ ባለሥልጣኑም በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ያውጣው። መለኪያ ግዙ አላልኩም። ካርዶቹ የራሳቸው ቴርሞሜትር አላቸው፤ በየደቂቃው ይለካሉ፣ ይመዘግባሉ። ቁጥሩ አሁንም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል። የሚጎድለው እንዲያወጡት የሚያዝ ሰው ነው።

«ለሻጭ ጠላት ሆነሃል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይደለሁም። ሻጩ ወረቀቱ ላይ «እስከ 40 ዲግሪ» ብሎ ጽፎ ሸጧል፤ አላታለለም። ያላነበበው ገዢው ነው። «ኤሲ እንጨምር» ለሚሉትም፣ ጨምሩ፣ ግን የሞተውን መጀመሪያ አንሡት። ሁለት ኤሲ የሚሰቀለው አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲተካው ነው፤ አንዱ ታሞ በዚያው ከተረሳ ከመጀመሪያውም የተሰቀለው አንድ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ያች እናት 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ከፈለች። አየኋት፤ እኔም የሆቴሌን ሒሳብ የምከፍለው በዚያው ኔትወርክ ስለነበር እዚያው አካባቢ ነበርኩ። ልጁ ተኝቶ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለቴክኒሺያኑ ደወልኩለት፤ ያልኩትን አንብቤለት እንዳላጋልጠው ለማረጋገጥ። አዲስ ካርድ እንደመጣላቸው ነገረኝ። ከድሮው ያነሰ፣ ከድሮው የሚፈጥን ነው። ዋቱን ጠየቅሁት፤ ከድሮው ይበልጣል። ሁለተኛው ኤሲ ግን አሁንም እንደቆመ ነው፤ «በሚቀጥለው በጀት» ተብሏል። የቤት ማራገቢያውስ ስለው አንደኛው ክንፉ እንደተሰበረ ነገረኝ።